ለሌላው ቢያድግልኝ

አለነ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወደ ጠረፉ ቆላ ወርዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ኮኪት አጠገብ ባለ አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ዝናብ ለኪ አደረጉት። ሚስቱ እፀገነት "ቆላው አልተስማማኝም" ብላ ወደ አገሯ ከተመለሰች ሰባት ዓመት ሆነ። ክረምት ገብቶ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ ካምፑ ውስጥ የሚቀሩት እሱና የቆሙት ትራክተሮች ናቸው።

ጠዋት ጠዋት መለኪያው ውስጥ ያደረውን ውኃ ያያል፤ ቁጥሩንም ጎንደር ላሉት ኃላፊ ለአቶ ቢያድግልኝ በስልኩ ኢሜይል ያደርጋል። አድራሻውን የነገሩት በስልክ ነው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። መልስ መጥቶለት አያውቅም። እያደር ግን ከቁጥሩ ሥር አንዳንድ ነገር መጨመር ጀመረ፦ "አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ።"

መላክ በጀመረ በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ "ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። ወባ ነው መሰለኝ፣ አሞኛል" ብሎ ላከ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ይመርመሩ" ይላል መልሱ። "እኔ ግን አለቃዎ አይደለሁም። ድሬዳዋ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሌላ ቢያድግልኝ ነኝ። ስማችን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአንድ ፊደል ሳይለያይ አይቀርም። አድራሻው ባለቤት ባይኖረው ኖሮ ደብዳቤው ይመለስልዎ ነበር፤ እኔ ስላለሁበት ዝም ብሎ ገባ። ቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ዝናብዎን ማንበብ ለመድሁና ሳልነግርዎ ቀረሁ።"

አለነን ኀፍረት ወረረው። እፀገነት በሕልሙ የመጣችበትን ጠዋት እንኳ ጽፎ ነበር።

ሲሻለው ጎንደር ደወለ። "ሁለት ክረምት ሙሉ የላክሁት አልደረሰዎም?"

"እኛማ ጭራሽ የማትልክ መስሎን" አሉት አቶ ቢያድግልኝ።

አድራሻውን ፊደል በፊደል አስደግሞ ጻፈ። ለድሬዳዋው ሰውም፣ ጨዋነት መስሎት፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም" ብሎ ላከ። ገና ከመላኩ ጸጸተው። "አልፎ አልፎ ይጻፉልኝ" ማለት ፈልጎ ነበር፤ እጁ እንቢ አለው።

ሰውየው ቃሉን አከበረለት። መስከረም ጠባ፣ ከድሬዳዋ ምንም አልመጣም። አለነ አሁን ቁጥሩን ብቻ በትክክለኛው አድራሻ ይልካል።