የትም የማያደርስ መንገድ

አያቴን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የማስታውሳቸው በአንድ ጥያቄ ነው። ከሰፈራችን ከፉትስክሬይ ተነስተን መኝታ ባለው መኪና፣ በካምፐርቫን፣ ወደ ሩቁ ሰሜን ስንጓዝ፣ ከፊት ወንበር ሆነው በየመገንጠያው «ይሄስ የት ያደርሳል?» ይሉ ነበር።

ኮረኮንቹ ያሰለቸው አባቴ «አባባ፣ የትም አያደርስም» አላቸው።

«ታዲያ ማን ጠረገው? አቁም እስቲ!»

አብሬያቸው ወረድኩ። ጥቂት እንደሄድን የፖስታ ሣጥን የተደረገ አሮጌ ፍሪጅ አገኘን።

«አየሽ፣ ሰው አለ!» ብለው ሳቁና ለማናውቀው ሰው ከኪሳቸው ተምር አውጥተው አስቀመጡለት።

ዘንድሮ ያለ እሳቸው በዚያው መንገድ ሄድን። ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ብዙ መገንጠያ ማንም ሳይጠይቅ አለፍን። አባቴን እንዳላስለቅሰው ፈርቼ ነበር፤ ግን አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ይሄስ የት ያደርሳል?»

ፍሬን ያዘ። እኔም ከቤት ያመጣሁትን ተምር ይዤ ወረድኩ።