ከቴፒ ወደ ሚዛን፣ ስለ ማህፀኔ

ከቴፒ ስንነሳ ዝናቡ ያካፋ ነበር። የጉዞው ምክንያት እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ልደፍን ጥቂት ሲቀረኝ፣ ይቋረጣል ያልኩት የወር አበባዬ ጭራሽ ባሰበት። አንዴ ከመጣ አይቆምም። ገበያ ኮረሪማ ስሸጥ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ታናሽ እህቴ አስቴር «ከእንግዲህ አልሰማሽም» ብላ ይዛኝ ወጣች። ባለቤቴን ታደሰን ለምርመራ ነው ከማለት በቀር ምንም አልነገርኩትም።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ጭቃው ላይ ይንሸራተታል። ወንበሩን እንዳላበላሽ እየተሳቀቅሁ፣ ደኑንም የቡናውን ማሳም ልብ ብዬ አላየሁም። ጎማ ሊቀየር ስንቆም አስቴር የተጠበሰ በቆሎ ገዛችልኝ። ትንሽ ግጬ መለስኩላት፤ ለማኘክ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ሚዛን ተፈሪ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ ወጣት ናት። መርምራኝ ስታበቃ ረጋ ብላ አስረዳችኝ።

«ማህፀንዎ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ካንሰር አይመስልም። ዕጢውን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ሌላ ሊበቅል ይችላል። ማህፀኑ ከወጣ ደሙ ለዘለቄታው ይቆማል። የወር አበባዎ እስኪቋረጥ እንዳንጠብቅ ደምዎ በጣም ወርዷል።»

«ማህፀኔ ከወጣ በኋላ ሴት ነኝ?» አልኳት።

«መውለድ ይቀራል እንጂ ሴትነትዎ የት ይሄዳል?»

ተነስቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አስቴር ሳትጠይቀኝ ታደሰ ጋ ደወለች።

በማግስቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ሐኪሟ ለእሱም ሁሉንም ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ «ከወጣላት መውደቁ ይቀርላታል?» አለ።

«ደሙ ሲቆም አቅሟ ይመለሳል፤ ይቀርላታል።»

ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? እኔ እኮ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ትሞትብኛለች እያልኩ ነው የምውለው!»

ማህፀኔ እንዲወጣ ፈረምኩ። እሱና አስቴር ደም ሰጡልኝ።

መመለስ

ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ ተሳፈርኩ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ታደሰ ሾፌሩን «ኧረ ቀስ በል!» ይለዋል። ቁስሌ ያመኛል፤ ከሕመሙ ይልቅ ግን ድካሙ ከበደኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ባሌ ምን ይለኛል እያልኩ ስሰቃይ፣ እሱን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከጉዞው የተማርኩት ይህንን ነው።

ቴፒ እንደገባን ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ መጡ። አንዷ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ፣ በሩን ገርበብ አደረገችና «እኔም እንዳንቺው ደሙ አልቆምልኝ ብሏል፤ ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ።

እንደምንም ፈቀቅ ብዬ አልጋው ላይ ቦታ ሰጠኋት።