የተሰረዘችው የቅዳሜ ነጥብ

የበደለኝ ዶክተር አበጋዝ ነው፤ በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ። ስሙን የምደብቅለት ምክንያት የለኝም፤ እሱም የእኔን ስም ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ሲያስጽፍ አላፈረም።

ያኔ በጨረር ምርመራ ክፍል ቴክኒሻን ነበርኩ። ሐኪሙ ጨረር የሚያወጣ መድኃኒት በደም ሥር ይወጋል፤ ካሜራው መድኃኒቱ ኩላሊት ገብቶ እስኪወጣ ጨረሩን ይቆጥራል። እኔ ቁጥሩን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በነጥብ አስቀምጬ አሰምራለሁ። ከመስመሩ አወራረድ ኩላሊቱ ምን ያህል ደም እንደሚያገኝ እንገምታለን፤ የየቀኑ ግምት በማጠቃለያው ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ይሆናል። ወይዘሮ ሽታዬ የሚባሉ የእንጦጦ ጥጥ ፈታይ በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ተለኩ። የረቡዕና የዓርቡ ልኬት ግራ ኩላሊታቸው ደም አያገኝም አለ፤ የቅዳሜው ደህና ነው አለ። አበጋዝ የቅዳሜዋን ነጥብ በቀይ ሰረዛት።

«ሁለት ለአንድ ነው። መነጽር ግዢ።»

«ጓድ ዶክተር፣ ሦስቱንም የለካሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ የሚታመመው ቅዳሜ ብቻ ነው?»

ደብዳቤው በማግሥቱ ደረሰኝ። የሴትዮዋ ኩላሊት ማክሰኞ እንዲወጣ ተወሰነ። አድራሻቸውን ከካርዳቸው ገለበጥኩ።

እሑድ፣ አንድ ሰዓት

ቀበሌ ስብሰባ ነበረ፤ ቀረሁ። ከምኖርበት ከወሰን ሰፈር በአውቶቡስ መገናኛ፣ ከዚያ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በስሙኒ ውይይት ታክሲ ፈረንሳይ ሰፈር ደረስኩ። ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጠን ተቀመጥን፤ አንድም ሰው አልተወያየም።

ሦስት ሰዓት፣ ዳገቱ ላይ

የባሕር ዛፉ ቅጠል ያንሸራትታል። ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ ቁጭ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ ሴት ጠየቅኩ።

«እትዬ ሽታዬን? ኪዳነ ምሕረትን አልፈሽ፣ አዲስ ቆርቆሮ ያለው ቤት። የቀበሌ ሰው ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ቆሎ አቀረቡልኝ። ራሳቸው አንድ ጣሳ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡ።

«ውኃ ይወዳሉ» አልኩ።

«ዛሬ እሑድ አይደል! ረቡዕና ዓርብማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አልቀምስ። እናንተም ዘንድ የመጣሁት እየጾምኩ ነው።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ደግሞ ውኃ ይከለከላል እንዴ? አንቺ ልጅ፣ የማን አገር ሰው ነሽ?»

«ጴንጤ ነኝ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ዝም በይ። እኔም አልሰማሁሽ።»

ሰውነት ውኃ ሲያጣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ደከም ባለው ኩላሊት ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህን ሁላችንም ተምረናል። እኔ ጾሙን ሳላስብ ቀረሁ፤ ጥፋቴ ነው። የአበጋዝ አባት ግን ቄስ ነበሩ! ረቡዕን ከቅዳሜ ለይቶ ያደገ ሰው፣ በጓዶቹ ስብሰባ ፊት «ጾም» የሚል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ብሎ የሰው ኩላሊት ሊያስወጣ ነበር።

«ነገ ጠዋት ሁለት ጣሳ ጠጥተው ይምጡ» አልኳቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

እግሬ አብጦ ወሰን ገባሁ። የቀበሌው ተላላኪ ከስብሰባ ቀርታለች የሚል ስሜን የያዘ ወረቀት ቤቴ በር ላይ ለጥፏል።

ሰኞ አበጋዝ ስብሰባ ላይ ሳለ ሌላ ሐኪም ወይዘሮ ሽታዬን ወጋልኝ፣ ለካሁ። አዲሷ ነጥብ ከቅዳሜዋ አጠገብ አረፈች። ወረቀቱን፣ የጾሙን ነገር ጽፌበት፣ አበጋዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ። በሐኪሞች ጉባኤ ላይ አበጋዝ «ስሕተቱን አገኘሁት» አለ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። የእኔ ደብዳቤ ከፋይሌ አልወጣም።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩት፣ የማይስማማ ነጥብ ከመሰረዙ በፊት ባለቤቱ ቤት ድረስ ተሄዶ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእያንዳንዱ ቅጽ አናት ላይ «ውኃ ጠጥተዋል?» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። አበጋዝ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም።