የጥገና ክፍሉ ጋሼ ሰይድ፣ የሁላችን ተወካይ

ዛሬ ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ «ጋሼ ሰይድ አረፉ» ሲለኝ «የቱ ጋሼ ሰይድ?» አልኩት። ግቢያችን ውስጥ ሌላ ጋሼ ሰይድ እንደሌለ እያወቅሁ።

ትናንት እኮ መሰላል ላይ ነበሩ! የላቦራቶሪያችንን ቬንትሌተር ሲጠግኑ ከታች ሆኜ «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ይውረዱ እንጂ» አልኳቸው። «ሙቀቱ አይደል እንዴ ያወጣኝ!» ብለው ሳቁብኝ።

ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ወደቁ አሉ። በቃ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሼ ሰይድ የቀወት ሰው ናቸው። ሸዋሮቢት ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። በሠራተኞች ምክር ቤትም የአስተዳደር ሠራተኛው ወክሎ የመረጣቸው እሳቸውን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ስቀጠር ምክር ቤቱ ለስብሰባ ተሰይሞ ሻይ ጠጥቶ የሚበተን ነገር ይመስለኝ ነበር። በራሴ እስኪደርስ።

አጣዬ በተቃጠለችበት በዚያ ክፉ ጊዜ እናቴ እዚያ ነበረች። ብቻዋን። ወሬውን ስሰማ ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። ከእሷ ጋር በእግራችን ወጥተን ማጀቴ ከተማ ገባን፤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ተጠለልን። መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቼ ስመለስ ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ጠበቀኝ። ከሥራ ገበታዬ ያለ ፈቃድ ስለጠፋሁ ልሰናበት ነው።

እያለቀስኩ ጥገና ክፍል ሄድኩ። ጋሼ ሰይድ የተፈታ ሶኬት በእጃቸው ይዘው ነበር። አስቀመጡትና «ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አሉኝ።

ይህቺን አነጋገራቸውን ግቢው ሁሉ ያውቃታል። የተናደደም፣ ያለቀሰም፣ ሊደባደብ የመጣም «ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» ይባላል። ሳያቋርጡ ይሰማሉ። እኔንም እስከ መጨረሻው ሰሙኝና መጀመሪያ ተቆጡኝ።

«ስትሄጂ ለአንድ ሰው እንኳ መናገር አቃተሽ? ጥፋትሽ ይሄ ነው። ይሄንን እኔም አልክድልሽም።» ከዚያ «የተጠለላችሁበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ያውቁሻል?» አሉኝ።

ከዓመት ፈቃዳቸው አንድ ቀን ወስደው አብረውኝ ማጀቴ ድረስ መጡ። ርእሰ መምህሩ እኔና እናቴ እዚያ እንደነበርን ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ሚኒባስ ውስጥ ጋሼ ሰይድ ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው እስከ ሸዋሮቢት እንደያዙት ነው የመጡት።

ጉዳዬ በታየ ቀን ከጎኔ ተቀመጡ። የሰው ሀብት ኃላፊው «መመሪያው ግልጽ ነው» አሉ።

«ልክ ነዎት፣ መመሪያው ግልጽ ነው» አሉ ጋሼ ሰይድ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። «መንገዱ ግን ዝግ ነበር። መመሪያው ራሱ ‹ያለ በቂ ምክንያት› ይላል። እናቷን ከእሳት ያወጣች ልጅ ምክንያቷ ካልበቃ፣ የሚበቃው የቱ ነው?»

ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ሥራዬ ላይ ቀረሁ።

ውጪ ወጥተን እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝና «ይልቅ ሰሌዳው ላይ ካንቺ ስም በታች የማን ስም ነበር?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። የራሴን ብቻ ነው ያየሁት።

የዘሀራ ስም ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ገጠር ቀወት ነው የምትኖረው። እሷም በዚያው ሰሞን ቤተሰቧን ይዛ ሸሽታ ነበር። ስትመለስ «ተሰናብተሻል» ሲሏት ዞራ ቤቷ ገባች። ማንበብ አትችልም፤ ማስታወቂያውንም፣ ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለም የነገራት የለም። ጋሼ ሰይድ በባጃጅ፣ ባጃጁ ከማይገባበት በእግራቸው ሄደው ቤቷ ደጃፍ ቁጭ ብለው ሰሟትና ይግባኝ አስገቡላት። ጉዳዩ ወራት ፈጀ። ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር ያነሱት ነበር፤ አንዳንዱ አባል «አሁንስ በዛ» እስኪል። ዘሀራ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሠራተኛ ላይ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ለምክር ቤቱ ይነገራል፤ ምክር ቤቱም ባለጉዳዩን ፈልጎ በቃል ይነግረዋል።

መልአክ ነበሩ አልልም፤ ብል ይቆጡኛል። ያልተሳካላቸውም አለ። ለበር ጥበቃዎቹ የፀሐይ መጠለያ እንዲሠራ ስንት ዓመት ጠየቁ፣ እስከ ዛሬ አልተሠራም። አንድ ጊዜ ደግሞ የክፍል ኃላፊያችንን ለማስነሳት ፊርማ ስናሰባስብ «የጻፋችሁት ውሸት አለበት» ብለው አልፈርምም አሉ። «የአለቆች ሰው» ብለን ስንት ቀን አኮረፍናቸው። እኔም አኩርፌያለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ዛሬ ጀናዛቸው ሲወጣ ከሴቶቹ ጋር መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ቃሬዛውን ከተሸከሙት መሀል የሰው ሀብት ኃላፊውን አየኋቸው። ጫማቸው አቧራ ለብሶ ያለቅሱ ነበር። ዘሀራ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች።

ጋሼ ሰይድ፣ አንድ ነገር ቀርቶብኛል። ያን ሁሉ ዓመት «አመሰግናለሁ» ብዬ ጨርሼልዎት አላውቅም። አፌን ስከፍት «ተይ፣ ሥራዬ ነው» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ይወስዱኝ ነበር። ዛሬ ልጨርሰው ነው።

እናቴ በሕይወት አለች፤ የምትበላው በደመወዜ ነው። ሥራዬን ያተረፉልኝ አንቱ ነዎት። አመሰግናለሁ አባቴ። አላህ ጀነቱን ያውርስዎት። በደህና ይረፉ።