ጊዜው ያለፈበት የመኖሪያ ፈቃድ

ደብረ ታቦር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበር። ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ስለምናስተምር ጠዋት ጠዋት በአንድ ባጃጅ እንሄዳለን። በክልሉ የተነሣው ግጭት ሲባባስ መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው አዲስ አበባ ስለነበር እዚሁ እንደተቀመጠ ጊዜው አለፈበት።

ከዚያ ወዲህ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ክፍሉን ከውስጥ ይቆልፋል።

«ያስሩኛል?» ይለኛል።

«መንገድ መዘጋቱን ማን የማያውቅ አለ?» እለዋለሁ። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ እንዲሄድ፣ እኔም እስከዚያ ላደርሰው ተነሣን። ሐሙሲት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ኬላ ላይ ወታደሮች የተሳፈርንበትን ሚኒባስ አስቆሙትና ሁላችንም ወረድን። አንድ ወታደር የመምህሩን ፓስፖርትና ፈቃድ አገላብጦ፣ «ይሄ ጊዜው አልፏል» አለ።

መምህሩ ምን እንዳለ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ልመልስለት ስል ወታደሩ ጮኸ።

«በአማርኛ! የማልሰማውን አታውሩ!»

መምህሩ ከአማርኛ የሚያውቀው ሰላምታና የአትክልት ስም ብቻ ነው። የሆነውን ለመረዳት ፊት ፊቴን ያየኝ ጀመር። ፍርሃቴን እንዳያይብኝ አቀረቀርኩ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራው።

«አንተስ ምኑ ነህ?» አለኝ ወታደሩ።

«ባልደረባው ነኝ። እኛ ቤት ነው የሚኖረው።»

«ስልክህን አምጣ!»

ስልኬንና ፓስፖርቱን ይዞ ድንኳን ውስጥ ገባ። ሰዎች የላኩልኝን፣ እኔም ያልከፈትኩትን ቪዲዮ ሁሉ አሰብኩ። የሠራሁት ጥፋት አልነበረም፤ ከቪዲዮዎቹ አንዱ ግን ሊያስጠረጥረኝ ይችላል።

«መቆም አልችልም፣ ዕቃችሁን አውርዱ» አለን ሹፌሩ።

አብረውን የተሳፈሩ አንዲት አሮጊት ተቆጡ። «የሰው አገር ሰው ሜዳ ላይ ጥለህ ልትሄድ? እኔስ አልሳፈርም!» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ሳይገቡ ቀሩ።

ብዙ ቆይቶ አዛዡ ራሱ መጣ።

«ለምን አላሳደሰም?»

«መንገድ ተዘግቶበት ነው፣ ጌታዬ። አሁን ሊያሳድስ ነው የሚሄደው።»

እኛንም፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን እናትም አየና ፓስፖርቱንና ስልኬን መለሰልኝ።

«ሂዱ። ወደፊት ላለው ኬላ ግን እኔ የለሁበትም።»

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ መምህሩ ጆሮዬ ሥር፣ «ሊገድሉን መስሎኝ ነበር» አለ። የሚቀጥለው ኬላ በእጅ ምልክት ብቻ አሳለፈን።

አዲስ አበባ ቅጣቱን ከፍሎ ፈቃዱ ታደሰለት። ሆኖም ወደ ደብረ ታቦር አልተመለሰም፤ አገሩ ገባ። ደውሎ፣ «እናትህን ይቅርታ በልልኝ፤ ያን መንገድ ድጋሚ አልችለውም» አለኝ። ለእናቴ ስነግራት የተወውን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «እንኳን በሰላም ገባ» አለች።