በአማካይ የዳኑ ሁለት ጎረቤቶች

ቢቸና በፊዚዮቴራፒ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ የነበሩት ሲስተር ሁለት ክራንች፣ ማለትም የብብት ምርኩዝ፣ አቀበሉኝና፣ «በሽተኛ ከማስተማርህ በፊት አንተ ግቢውን ዙርበት» አሉኝ። ገና በሩ ላይ ተዘረርኩ። አንድ ሽማግሌ ታካሚ፣ «ይኼን ልጅ ሳይሻለው ማን አስወጣው?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ ተዛወርኩ። እዚያ ወጣቱ ሐኪማችን በላፕቶፑ የትንበያ ሞዴል ይዞ መጣ። ዕድሜ፣ ክብደትና የስብራቱን ዓይነት ሲያስገባ ታካሚው መቼ እንደሚራመድ ይነግረዋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑም ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ይርዳውና አቶ አለምነህ በአንድ ባጃጅ ተጭነው መጡ። ጎረቤቶች ናቸው። በድንበር ተጣልተው አንዱ የድንጋዩን አጥር ሲያፈርስ፣ ሌላው መልሶ ሲገፋ፣ አጥሩ ሁለቱም ላይ ተናደ። እኩዮች ናቸው፤ የሁለቱም ቀኝ ቅልጥም ነው የተሰበረው። ሞዴሉ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የመራመጃ ቀን ቆረጠላቸው።

ይርዳው ከቀኑ ቀድሞ በክራንች ዋርዱን ያምሰው ጀመር። አለምነህ ቀኑ አልፎም ከአልጋዬ አልወርድም አለ። ሐኪሙ ላፕቶፑን አየት አድርጎ፣ «በአማካይ እኮ ልክ ነው» አለኝ።

«በአማካይ የሚራመድ ሰው አላየሁም» አልኩት።

እንዲህ ልበል እንጂ ምክንያቱ ለእኔም አልገባኝም። የአለምነህ ጉልበት ደርቆ ይሆናል ብዬ ስጎትተው ከረምኩ። ራጁ አጥንቱ መግጠሙን ያሳያል፤ ጭኑ ግን እየሟሸሸ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ዳግም እርሻ እንደማይገባ አውቅ ነበርና ፈራሁለት።

በመጨረሻ ሐኪሙ የአለምነህን ሚስት ወይዘሮ እናኑን፣ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አላቸው።

«አፍሮ ነው እንጂ ምን ይሆናል» አሉ። «አጥሩን ያፈረሰው እሱ ነው ብለው ሽማግሎች ፈርደውበታል። በእግሩ የቆመ ዕለት ድንጋይ ተሸክሞ ይርዳውን ይቅርታ ይለምናል። ያም የሚጣደፈው ያን ቀን ለማየት ነው።»

ይርዳው ከወዲያ ማዶ አልጋ ሰማ። በክራንቹ እየተንገዳገደ መጥቶ የአለምነህን ጭን አየ፤ ፊቱም ተለወጠ።

«አንተ፣ ለዚህ ብለህ እግርህን ልትገድል ነው?» አለው። «ድንጋዩንማ አጥሩ የተናደብን ቀን ሁለታችንም ተሸክመነዋል። ተነስ።»

አለምነህ ብርድ ልብሱን ገፎ ወረደ፤ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ይርዳው ላይ ወደቀ። ሁለቱንም ለቃቅመን ራጅ ላክናቸው። ደህና ነበሩ።

ሞዴሉን ዛሬም እንሠራበታለን፤ ስንት አልጋ መቼ እንደሚለቀቅ ለማቀድ ይጠቅማል። አልጋው ላይ ያለው ሰው ለምን እንዳልተነሳ ግን ሰውየውን መጠየቅ ነው፤ እሱ እንቢ ካለ ሚስቱን።