የማያርፈው ባቴ

ሦስት ወር ሙሉ የግራ ባቴ ከቆዳው ሥር ለብቻው ይርገበገብ ነበር። ስልኬ ላይ ያነበብኩት ነገር አስፈርቶኝ፣ ሽባ እየሆንኩ እንዳይሆን በየማለዳው በእግሬ ጣቶች ቆሜ ራሴን እፈትሽ ነበር። በመጨረሻ ከወልቂጤ ቡታጅራ ሄጄ አንድ አዛውንት ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ።

ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉኝ፤ በተረከዜም አስኬዱኝ።

«ጤነኛ ነህ ልጄ። ስትጨነቅ ይብስብሃል እንጂ አይጎዳህም።»

«እርግጠኛ ነዎት ዶክተር?»

ተነስተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው እግራቸውን ወንበር ላይ አወጡ። ባታቸው ልክ እንደኔው ይዘላል!

«ሃያ ዓመቱ ነው፤ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ አንተ ሲነሳብህ ምን ታደርግለታለህ?»